ወዶ ስለ መድከም

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዐይነት ድካም ይደክማል። አንደኛው የግድ ድካም ነው፤ ይኸውም ለእንጀራ፣ ለልጅ፣ ለዕዳ ወይም ለአሠሪ ሲባል የሚደከመው ነው። ሁለተኛው የውድ ድካም ነው፤ ይህ ደግሞ ማንም ሳያዝዝና ማንም ሳይከፍል፣ ቢቀርም ምንም የማይጐድል ሆኖ ሳለ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ በራሱ ላይ የሚጭነው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተብሏል። ገበሬውንና እናትን፣ ወታደሩንና የቀን ሠራተኛውን ስናመሰግን የምናመሰግነው የግድ ድካማቸውን ነው። ስለ ኋለኛው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው ሳይቸግረው የሚደክመው ድካም የመልካም ጠባይ ምልክት ነውን? ወይስ ጥጋብ የወለደው ጨዋታ ነው? ከዚህም የሚከብደው ጥያቄ፣ ድካም ዕጣው ሆኖ ሌላ ምርጫ ባጣ ሰው ፊት እንዲህ ያለው ጨዋታ ነውር አይሆንምን የሚለው ነው።

እኔ ወደዚህ ጥያቄ የደረስሁት በቢስክሌት ነው። የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር በሚባለው አገር ሲሆን፣ በዕረፍት ቀኔ ከወዳጆቼ ጋራ በኮረብታው መካከል ረጅም መንገድ በቢስክሌት መሄድ ልማዴ ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ በነገርኋት ጊዜ በመጀመሪያ ያለችኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ማን አሳዶህ ነው?» የሚል ነበር። ቀጥላም ዕቃ ላደርስ እንደ ሆነ፣ ገንዘብ ይከፍሉኝ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ ለገባ ሽልማት ይሰጥ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ለሁሉም «የለም እማዬ» ባልኋት ጊዜ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያ ዳገቱን የምትወጣው ምን ልታመጣ ነው?» አለችኝ። እናቴ በልጅነቷ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ናት፤ ዳገት ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ጥያቄዋን በሣቅ አልፈው ዘንድ አልተቻለኝም።

መልሱን በባዶ ዐሳብ ከመፈለግ ይልቅ አንድ ቀን የሄድንበትን መንገድ መመርመር ይሻላል። ቀኑ በእንግሊዝ አገር ብርሃን በሚረዝምበት በሰኔ ወር፣ እሑድ ነበረ። ከጧቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ስኪፕተን ከሚባለው ከተማ የተነሣነው እኔና አንድ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋ እንግሊዛዊ ወዳጄ ነን። ይህ ሰው ከዐሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ በአናጢነት የኖረ ነው። መንገዳችን ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ተሻግሮ፣ በሌላ በኩል ወደ ተነሣንበት የሚመለስ ሲሆን ርቀቱ መቶ ማይል፣ ማለት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚህ አገር ኮረብታ በከፍታው ኢትዮጵያዊን አያስደንቅም፤ በዚያ ቀን ከወጣናቸው ዳገቶች ስመ ጥር የሆነው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ብቻ ነው። ክፋቱ ሌላ ነው። የጥንት ሰዎች መንገዱን ሲያወጡ እያጠማዘዙ ከማቅለል ይልቅ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ስለ ለቀቁት፣ አንዱን ወጥተው ሳያርፉ ይወርዳሉ፤ ወርደውም ሳያርፉ ሁለተኛው ይጀምራል። ሲመሽ የተወጣው ሁሉ ቢደመር ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ይሆናል።

አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ሪብልሄድ ከሚባለው ስፍራ ደረስን። በዚያ ዛፍ በሌለበት፣ ነፋስ በማያርፍበት ረግረግ ላይ ሃያ አራት ቅስት ያለው ትልቅ የድንጋይ የባቡር ድልድይ ቆሟል። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። ሥራው የተጀመረው በ1870 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፤ በ1875ም የዕቃ ባቡር አለፈበት። ድልድዩን የሠሩት የቀን ሠራተኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው ረግረግ ላይ በእንጨት ጎጆ ይኖሩ ነበር። በሥራ አደጋና በፈንጣጣ ከመቶ በላይ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ ብዙዎቹም በአቅራቢያው ባለችው በቻፕል ለ ዴል መንደር ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። እኛ በአንድ እሑድ የምንታገለውን ነፋስ እነርሱ ዓመቱን ሁሉ ታግለውታል፤ ሲመርራቸውም ወደ ሞቀ ቤት የሚወስዳቸው ቢስክሌት አልነበራቸውም።

ከዚያም ወደ ሆዝ ከተማ ወርደን ሻይና ዳቦ ከቀመስን በኋላ በተርተብስ የሚባለውን ዳገት ጀመርን። በ2014 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ውድድር የዓለም ዝነኛ ቢስክሌተኞች በዚህ ዳገት ሲያልፉ ከግራና ከቀኝ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቆሞ ጮኾላቸዋል። ለእኛ የጮኸልን በግ ብቻ ነው። ትንሿን ማርሽ አግብቼ፣ ዐይኔን ከፊተኛው ጎማ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ አርቄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ወጣሁ። የዳገቱ ስም «የቅቤ ገንቦ» እንደ ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ የቦረቦራቸው ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ። እንደሚተረከው፣ ገበሬዎች ቅቤያቸውን ወደ ሆዝ ገበያ ሲወስዱ በዚህ ያርፉ ነበርና፣ በሙቀት እንዳይቀልጥባቸው ቅቤውን ወደ ጕድጓዱ ያወርዱት ነበር። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ ስሙ የሚመሰክረው ነገር አለ፤ ይህ ዳገት የጨዋታ ዳገት ከመሆኑ በፊት የሸክም ዳገት ነበረ። «ምን ልታመጣ ነው?» የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ሰዎች ዘንድ የታወቀ መልስ ነበረው።

ከዳገቱ ማዶ ያለው ስዌይልዴል የሚባለው ሸለቆ ደግሞ ከዚህ የከበደ ትዝታ አለው። በ1580 በሚዩከር መንደር ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስ የላይኛው ሸለቆ ሰዎች ሙታናቸውን የሚቀብሩት በሸለቆው ግርጌ በግሪንተን ነበር። ከኬልድ መንደር እስከ ግሪንተን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ መንገድ አስከሬኑን ተሸክመው በእግር ይወርዱ ነበር፤ መንገዱም እስከ ዛሬ «የሬሳ መንገድ» ይባላል። እኛ በዚያው ሸለቆ ቁልቁል ስንበርና ነፋሱ ላባችንን ሲያደርቅልን፣ በወንዙ ማዶና ማዶ ባለው የእግር መንገድ በአንድ ወቅት ወንድም ወንድሙን እየተቀባበለ ተሸክሞ እንዳለፈ ማሰብ ለደስታችን ልጓም ሆነለት።

በዚሁ ሸለቆ ውስጥ አንድ ገበሬ እሑድ ቀን እንኳ ሳያርፍ የፈረሰ ካብ ሲያበጅ አገኘን። በዚህ አገር የእርሻና የግጦሽ ድንበር የሚለየው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በተካበ ድንጋይ ነው፤ ካቡም ሸለቆውን ተነሥቶ እስከ ኮረብታው ጫፍ ይወጣል። ውሃ እንዲሰጠን ለመንነው። ከሰጠን በኋላ ከየት እንደ መጣንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን፤ ነገርነው። «ስንት ይከፍሏችኋል?» አለ። ወዳጄም «ምንም» አለው። ገበሬው የያዘውን ድንጋይ በእጁ እየመዘነ፣ «እንግዲያ ከእኔ ብዙም አታንሱም» አለና ወደ ካቡ ተመለሰ። በሣቅ ተለያየን፤ ነገር ግን በቀልዱ ውስጥ የነበረው እውነት እስከ ማታ ድረስ ከእኔ ጋራ ተጓዘ።

እስኪ ይህን እናስተውል። ዳገቱ አንድ ነው፤ ነፋሱም አንድ ነው። ጕልበትም ሲዝል የገበሬውም የቢስክሌተኛውም በአንድ ዐይነት ይዝላል። እንግዲህ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ መመለሻው ላይ ነው። እኔ በፈቀድሁበት ሰዓት ከኮርቻዬ ወርጄ፣ ከሚቀርበኝ ጣቢያ የባቡር ቲኬት ቈርጬ ቤቴ ልገባ እችላለሁ። የድልድዩ ሠራተኛ ግን ሥራውን ቢተው ልጆቹ ይራባሉ፤ ሬሳ ተሸካሚውም ሸክሙን ቢያስቀምጥ ወንድሙ በመንገድ ይቀራል። ድካምን መራራ የሚያደርገው የሸክሙ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሸክሙን ለማስቀመጥ አለመቻል ነው። ስለዚህ ወዶ የደከመ ሰው በግድ ደካሚው ፊት ቆሞ «እኔም እንዳንተ ነኝ» ሊል አይገባውም። ጾም ጾም እንጂ ችጋር አይደለም፤ ጾመኛም የተራበውን ሰው «ረኀብህን አውቀዋለሁ» ቢለው ሐሰት ተናገረ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የውድ ድካም ሁሉ የጥጋበኛ ጨዋታ ነው ብሎ መፍረድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ታሪኩ ይህን አያሳይም። ዛሬ የምናውቀው ሁለት እኩል ጎማ ያለው ቢስክሌት መልክ የያዘው በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ባወጣው ሮቨር በተባለው ሥራው ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ዳንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም በአየር የሚነፋ ጎማ አበጀ። ዋጋው እየረከሰ በሄደ ጊዜ ወደ ገጠሩ የወጡት ባለጸጎች ብቻ አልነበሩም፤ በፋብሪካ የሚውሉ ሠራተኞችም ናቸው። በ1894 በበርሚንግሃም የተመሠረተው ክላርዮን የተባለው የቢስክሌት ማኅበር የእነዚህ የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ሳምንቱን ሁሉ በጢስና በመኪና ጩኸት ውስጥ የደከመ ሰው፣ በዕረፍቱ ቀን መተኛት ሲችል፣ በድካሙ ላይ ሌላ ድካም የሚጨምረው ስለ ምንድር ነው?

ይህን ወዳጄን ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ሳምንቱን ሁሉ ጕልበቴ የአሠሪዬ ነበረ፤ እሑድ ግን የእኔ ነበረ። የእኔ መሆኑን የማውቀው ደግሞ እንደ ወደድሁ ሳወጣው ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከሌላ ሰው አልሰማሁም። ሰው ገንዘቡ በእውነት የራሱ መሆኑን የሚያውቀው በሣጥን ሲቈልፍበት ሳይሆን ለወደደው ነገር ሲያወጣው ነው። ጕልበትም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ተሽጦ የሚኖር ጕልበት ባለቤቱ የማያውቀው ጕልበት ነው። እንግዲህ የውድ ድካም ዋናው ጥቅም ሰውን ከራሱ ኀይል ጋራ ማስተዋወቁ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከነጻነቱ ጋራ ማስተዋወቁ ነው።

ሁለቱን ድካሞች በአንድ ሕይወት ያስተባበረች አንዲት ሴት ከዚህ አገር ወጥታለች። ቤሪል በርተን በ1937 የተወለደች የሊድስ አካባቢ ሰው ስትሆን፣ በልጅነቷ በጽኑ የሩማቲክ ትኩሳት ታማ ብዙ ወራት በሆስፒታል ተኝታለች። ካደገች በኋላ ሩባርብ የሚባል ተክል በሚለማበት እርሻ በጕልበት ሥራ እየዋለች፣ በትርፍ ጊዜዋ በቢስክሌት ትወዳደር ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ሆና ሳለች እንኳ ቢስክሌትን መተዳደሪያዋ አላደረገችውም። በ1967 በዐሥራ ሁለት ሰዓት ውድድር 277 ከሩብ ማይል፣ ማለት 446 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። በዚያው ቀን ማይክ ማክናማራ የተባለ ሰው የወንዶቹን ሬኮርድ ሊሰብር እየገሠገሠ ሳለ ከኋላው ደርሳ ስታልፈው የሊኮሪስ ከረሜላ ሰጠችው፤ እርሱም ተቀበላት። ከእርሷ የበለጠ ርቀት የሄደ ወንድ የተገኘው በ1969 ነው፤ የሴቶቹ ሬኮርድ ግን እስከ 2017፣ ኀምሳ ዓመት ያህል ሳይሰበር ቆየ። እርሻው አበላት፤ መንገዱ ግን ማን እንደ ሆነች አሳያት። ከረሜላውንም አንዳንድ ሰው እንደ ፌዝ ሊቈጥረው ይችላል፤ እኔ ግን የምታየው ሰው በዚያው መንገድ የሚደክም ወንድሟ መሆኑን ያልረሳች ሴት ሥራ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

እንግዲህ የውድ ድካም መልካም ሊሆን እንደሚችል ካየን፣ መልካም የሚሆነው መቼ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በእኔ ዐሳብ መመዘኛው ሦስት ነው።

አንደኛው፣ ምስክር በሌለበት እውነተኛ መሆኑ ነው። በዚህ አገር በ1976 የተቋቋመ ኦዳክስ ዩኬ የሚባል የረጅም መንገድ ቢስክሌተኞች ማኅበር አለ። በእርሱ ዘንድ አንደኛና ሁለተኛ አይባልም። 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በዐሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከደረሰ፣ ፊት የገባውም ኋላ የገባውም እኩል ነው። ተጓዡ አንዲት ካርድ ይዞ በየመቆጣጠሪያው ያስፈርማል፤ ሰው በሌለበት ስፍራ ደግሞ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በእገሌ መስቀለኛ መንገድ ያለው ምልክት ስንት ማይል ይላል ተብሎ ይጠየቃል። ሊያታልል የፈቀደ ሰው መንገድ አያጣም። ነገር ግን ሽልማት ከሌለ፣ ማዕረግም ከሌለ፣ የሚያታልለው ማንን ነው? ራሱን ብቻ ነው። የግድ ድካም ተቈጣጣሪ አለው፤ የውድ ድካም ግን ዳኛውም ምስክሩም ሕሊና ነው። በዚህ በትንሹ ነገር መታመንን የለመደ ሰው በትልቁም ይታመናል ባልልም፣ በትንሹ መዋሸትን የለመደ ግን በትልቁ እንደማይታመን አውቃለሁ።

ሁለተኛው መመዘኛ፣ ሰው በደከመ ጊዜ በባልንጀራው ላይ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ድካምም እንዲሁ ያወጣዋል። ጧት ሁላችንም ትሑቶች ነን። ከቀትር በኋላ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ፣ ኪድስቶንስ በሚባለው ዳገት ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። ወዳጄ ከእኔ ይልቅ ብርቱ ነበረ፤ ሄዶ ጫፉ ላይ ሊጠብቀኝ ይችል ነበር። እርሱ ግን «ጫማዬ ላላብኝ» ብሎ ወረደና ማሰሪያውን ፈትቶ እያሰላሰለ አሰረው። ጥቂት ሄደን ደግሞ «ይህን ሸለቆ ሳላየው ማለፍ አልወድም» ብሎ ቆመ። ጫማው እንዳልላላ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ደካማን መርዳት አንድ ነገር ነው፤ ደካማነቱ እንዳይሰማው አድርጎ መርዳት ግን ከዚያ የሚበልጥ ነው። ይህ ሰው ዳገቱን የወጣው በቀላሉ ነው፤ የእርሱ እውነተኛ ሥራ ግን የወጣበት ፍጥነት ሳይሆን የቆመባቸው ሁለት ጊዜያት ናቸው።

ሦስተኛው፣ መተው በሚገባ ጊዜ መተው መቻል ነው። በ1989 የተጀመረና በየአራት ዓመቱ የሚደረግ፣ ከለንደን እስከ ኤዲንብራ ደርሶ መልስ የሆነ ታላቅ የቢስክሌት ጉዞ አለ። በነሐሴ 2025 ፍሎሪስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደረሰ ጊዜ አዘጋጆቹ ጉዞውን በመካከሉ አቆሙት። ለዚያ ቀን ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ሰው ሐዘኑ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የውድ ድካም ክብሩ ፈቃድ መሆኑ ነው፤ ሰው ሊተወው የማይችለው ከሆነ ፈቃድነቱ ቀርቶ ጌታ ሆኖበታል ማለት ነው። ከግድ ለመውጣት የጀመረውን ነገር ሁለተኛ ግድ አድርጎ በራሱ ላይ የሚሾም ሰው ነጻነቱን በገዛ እጁ መልሶ ይሸጣል። በቤቱ የሚጠብቁት ሚስትና ልጆች ያሉት ሰውም ይህን አብልጦ ሊያስብበት ይገባል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ወዶ መድከም በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ዳገት የወጣ ሁሉ መልካም ሰው ቢሆን ኖሮ ፍየል ከሁላችን ትበልጥ ነበር። ነውርም አይደለም፤ ጕልበቱ የራሱ መሆኑን ለማወቅ የወጣ ሰው የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። ነገር ግን ዕዳ አለበት። ያለ ሸክም የሚወጣበትን መንገድ ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ከፍተውታል፤ የሚያስደስተውን ካብ የካበ፣ የሚያደንቀውን ድልድይ ያቆመ ሌላ ሰው ነው። ከዳገቱ ይዞት ሊመለስ የሚገባው ነገርም ይኸው ዕዳ ነው። ቅቤ አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም፤ ድካም ምን ያህል እንደሚያህል በገዛ እግር መለካት ነው። ይህን የለካ ሰው የቤት ሠራተኛውን በሌሊት ከመቀስቀሱ በፊት፣ የተሸካሚውን ዋጋ ከመከራከሩ በፊት፣ ሽማግሌ ቆሞ እርሱ ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ያስባል። የማያስብ ከሆነ ግን፣ መቶ ማይል ቢሄድም ሁለት መቶ ቢሄድም፣ ዳገቱን የወጣው እግሩ ብቻ ነው።